የስሜን ገደሎች በመስመር፦ ከቴዎዶላይት እስከ ቬክተር ካርታ

እ.ኤ.አ. 1978 ለስሜን ተራሮች ትልቅ ዓመት ነበር። ዩኔስኮ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ያሰፈረው በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ የበርን ዩኒቨርሲቲ ምሁራኑ ብሩኖ ሜሰርሊና ክላውስ ኤርኒ ያዘጋጁት የስሜን ጥናት ታተመ። ከጥናቱ ጋር ፔተር ሽቴህሊና ማክስ ዙርቡኸን የሠሯቸው ሁለት የቶፖግራፊ ካርታዎች ወጡ፤ ልኬታቸው 1፡25,000 ነበር። የመጀመሪያውን ዜና ደባርቅ ላይ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን ከባለሙያዎች በቀር የሚያነሣው የለም። ሆኖም ቅርሱን ለመጠበቅ መጀመሪያ ቅርጹን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቅርጹን የሚነግረን ደግሞ ካርታው ነው።

ነጥብ ብቻ የነበረበት ዘመን

ስሜንን በመሣሪያ ለመለካት የተነሡ የውጭ ሰዎች ታሪክ ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 በአገራችን ሲዘዋወር ከፍታን በባሮሜትር ይለካ ነበር፤ ዋልያንም ለሳይንሱ ዓለም በስሙ ያስመዘገበው እሱ ነው። በ1841 ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ ራስ ደጀን ላይ ወጡ። ከ1838 እስከ 1848 ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው አንትዋን ዳባዲ ደግሞ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው በቴዎዶላይት እያነጣጠረ ማዕዘን ለካ፤ ውጤቱንም «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በተባለው ሥራው አሳተመ።

እነዚህ ሰዎች ያስገኙት ነጥቦችን ነው፤ ይህ ጫፍ እዚህ ላይ ነው፣ ከፍታው ይህን ያህል ነው የሚሉ። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው መሬት የሚሳለው በዓይን ግምት ነበር። የነጥቦቹም ከፍታ በየጊዜው ታርሟል። ራስ ደጀን በብዙ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሆኖ ኖሮ፣ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ቁጥር 4,550 ሜትር ገደማ ነው።

ሞላላዋ መሬት

ካርታ ሠሪ አንድ ገደል ከመሳሉ በፊት የመሬትን ቅርጽ መወሰን አለበት። መሬት በዋልታዎቿ በኩል ጠፍጠፍ ያለች ሞላላ ናት። ከ1963 ጀምሮ የኢትዮ-አሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን አገሪቱን ሲቀይስ የተጠቀመበት ሞላላ እንግሊዛዊው ክላርክ በ1880 ያሰላው ነው። በእሱ ስሌት ከመሬት እምብርት እስከ ምድር ወገብ 6,378,249 ሜትር፣ እስከ ዋልታ 6,356,515 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ከ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቅየሳው መነሻ ነጥብም አዲንዳን ይባላል።

የዛሬው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ሞላላና ሌላ መነሻ ነው። በዚህ የተነሣ በአሮጌው ካርታ ፍርግርግ ላይ የምናነበው ቁጥርና ስልካችን የሚሰጠን ቁጥር ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ዳባት ላይ ይህ ልዩነት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ቢያሻግር ነው። ስሜን አፋፍ ላይ ግን 200 ሜትር ማለት በሜዳና በገደል መካከል ያለ ርቀት ነው።

መስመሩ እንዴት ተወለደ?

የአየር ፎቶግራፍ ሲመጣ ነጥቦቹ ወደ መስመር ተለወጡ። ሁለት ተደራራቢ ፎቶግራፎች በማሽን ውስጥ ይቀመጣሉ። ባለሙያው አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ዓይኑ ሲመለከት ተራራው ከፍና ዝቅ ብሎ ይታየዋል። በእይታው መካከል አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ማሽኑን ለምሳሌ 3,600 ሜትር ላይ ያቆመውና ነጥቧን መሬት እንዳስነካ ይነዳታል። መሬቱ ዝቅ ሲል ነጥቧ አየር ላይ ትንሳፈፋለች፤ ከፍ ሲል መሬት ውስጥ ትሰምጣለች፤ ባለሙያው ግን ከዳገቱ ሳይለያት ይዟት ይዞራል። ከማሽኑ ጋር የተያያዘው እርሳስ መንገዷን ወረቀት ላይ ያሰምራል። ኮንቱር የሚባለው፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘው መስመር እንዲህ ይሰመር ነበር።

ለስሜን ይህ ሥራ ምን ያህል ፈታኝ እንደሆነ ስሌቱ ያሳያል። ኮንቱሮቹ በየ20 ሜትሩ ቢሰመሩ፣ 1,000 ሜትር የሚወርድ ገደል 50 መስመር ይይዛል። ገደሉ ወደ ጎን 500 ሜትር ብቻ ቢሄድ፣ በ1፡50,000 ካርታ ላይ 50ዎቹም በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ መታጨቅ አለባቸው።

ቤዚዬና እሜት ጎጎ

ያ በእጅ የተሰመረ መስመር ዛሬ የሚኖረው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለዚህ መንገዱን የከፈቱት የፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ናቸው። በሲትሮን ፖል ደ ካስተልዦ በ1959፣ በሬኖ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ፣ የመኪናን አካል ጠመዝማዛ ቅርጽ በቁጥር የሚገልጹበት ዘዴ አገኙ። ኩርባው ሁለት ጫፍና ሁለት መቆጣጠሪያ ነጥቦች አሉት፤ መቆጣጠሪያዎቹ መስመሩ ወደየት እንደሚነሣና ከየት እንደሚደርስ ይወስናሉ። አዶቤ በ1987 ያወጣው ኢለስትሬተርም ሆነ ከ2003 ጀምሮ በነፃ የምናገኘው ኢንክስኬፕ በዚህ ኩርባ ይሠራሉ።

በዚህ ዘዴ ክብ ለመሳል አራት ነጥብ ይበቃል። የእያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ርዝመት የራዲየሱ 0.5523 እጥፍ ይሆናል። ክቡ ፍጹም ባይሆንም ስሕተቱ ከ0.03 በመቶ በታች ነው። ወደ አንድ ጎን ሲለጠጥ ሞላላ ይሆናል።

ለእሜት ጎጎ ግን አራት ነጥብ አይበቃም። ይህ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው አፋፍ ከግጭ አምባ ወጥቶ በገደሉ ላይ የተዘረጋ ቀጭን መሬት ነው። ሰነፍ ሠዓሊ ነጥብ ቀንሶ «አለስልስ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠ ጫፉ ተቆርጦ ይደበዝዛል፤ የታጨቁት ኮንቱሮችም አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ። ደህና ባለሙያ ግጭ ሜዳ ላይ ጥቂት ነጥብና ለስላሳ ኩርባ ይጠቀማል፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ ነጥብ ያበዛል፣ ማዕዘኑንም እንደ ማዕዘን ይተወዋል። መስመር ሲያምር ሳይሆን መሬቱን ሲመስል ነው ትክክል የሚሆነው።

ይህ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው። የዋልያ መኖሪያ ያ ገደል ነው። ፓርኩ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 የወጣው፣ ከሌሎች ሥራዎች ጋር፣ ወሰኑ ዳግም ተካልሎና ሊማሊሞን የመሰሉ ቦታዎች ተጨምረውበት ነው። ወሰንም የሚከለለው በመስመር ነው፤ የተሳሳተ መስመር የገበሬውን ማሳ ወይም የዋልያውን መጠጊያ ይወስዳል።

ስለዚህ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አንድ ሥራ ቢጀምሩ መልካም ነው። ተማሪዎች አሮጌዎቹን የስሜን ካርታዎች በቬክተር ይሳሉ፤ ገደሉን ከሚያውቁት እረኞችና መንገድ መሪዎች ጋር ሄደው ያመሳክሩ፤ እያንዳንዱን አምባና ወንዝ የአገሬው ሰው በሚጠራው ስም በፊደላችን ይጻፉ። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ገደሉም ደጃቸው ላይ ነው።