የአሽቀሎን የባሕር ውሃ ማጣሪያ፦ ድርቁ ፈጠነ፣ ውሳኔው ዘገየ

በአሽቀሎን የሚገኘው የባሕር ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የሜዲትራኒያንን ውሃ ጨው አውጥቶ ለመጠጥ ያበቃል። መንግሥት እንዲሠራ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ የጀመረው ድርቅ ከጠና በኋላ ነበር፤ ሥራ የጀመረው ግን በ2005 ነው። በመካከሉ፣ በ2001 መጨረሻ፣ ኪኔሬት (የገሊላ ባሕር) ከባሕር ወለል በታች ወደ 215 ሜትር ገደማ ወረደ፤ በመዝገብ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። በ2003 እና በ2004 ጥሩ ዝናብ ጥሎ ሐይቁ ሊሞላ ሲቃረብ፣ የሌሎች ጣቢያዎች ዕቅድ ቀዘቀዘ። ድርቁ ሲመለስ፣ በ2008፣ መንግሥት ዕቅዱን እንደገና አሰፋ። ዝናብ በአንድ ክረምት ሊቀር ይችላል፤ ጣቢያ መሥራት ግን ዓመታት ይፈጃል። እናቶቻችን ወንዝ ለመውረድ እንስራው ባዶ እስኪሆን አይጠብቁም ነበር። ስለ ውሃ መወሰን የሚገባውም ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ነው።