የጊች ጉዳይ፦ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት የጋራ ውሳኔ በሰሜን ተራሮች

የጊች መንደር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የነበረች ሲሆን፣ ነዋሪዎቿ ገብስ በማምረትና ከብት በማርባት ይተዳደሩ እንደነበር ይታወቃል። የመንደሯ ጉዳይ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት በአንድ አገራዊ ፖሊሲ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻ መስፋፋትና የመንገድ ሥራ በፈጠሩት ሥጋት ሳቢያ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የክልሉ ባለሥልጣናት በወቅቱ ውሳኔውን እንዳልተቀበሉት ይታወሳል።

የልዩነቱ መነሻ የሥልጣን ክፍፍሉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ስለ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 መሠረት ደግሞ በዚሁ ሕግ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። በመሆኑም አንዱ ያለ ሌላው ፓርኩን ከአደጋ ሊያወጣው አይችልም ነበር።

መፍትሔውም በደረጃ የተገኘ ነው። እ.አ.አ. በ2001 የፓርኩን ወሰን ማሻሻል፣ የሰውና የከብት ጫናን መቀነስ እንዲሁም የዋልያና የቀይ ቀበሮን ቁጥር ማሳደግን የሚያካትቱ መመዘኛዎች ወጡ። በ1990ዎቹ በክልሉ ሲተዳደር የቆየው ፓርክ፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 አገራዊና ዓለም አቀፍ ፋይዳ ያላቸውን ፓርኮች ለፌዴራል መንግሥት ከሰጠና በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ወደ ፌዴራል ተዛውሯል። ወሰኑም ተሻሽሎ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኗል። ይሁን እንጂ መሬት የመስጠት፣ ካሣ የማጣራትና ተነሺዎችን የማስፈር ሥራ የክልል፣ የዞንና የወረዳ አስተዳደሮችን ተሳትፎ የግድ የሚል ነበር።

በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ተብሎ በተያዘው መርሐ ግብር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ የተዛወሩ ሲሆን፣ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጠናቋል። በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንድ ክራኮው ባካሄደው ጉባዔ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ሰርዞታል።

ሆኖም የቤትና የካሣ ክፍያ ለገበሬው የእርሻ መሬትንና የግጦሽ መስክን አይተካለትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ዜጎች ተመጣጣኝ ካሣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በወቅቱ ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሳ አርሶ አደር የዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ይፈቅድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎ፣ ተነሺዎች በዘላቂነት መልሰው እንዲቋቋሙም ደንግጓል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1231 የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን በሕግ በመወሰን፣ በሕግ አውጪዎች፣ በሕግ አስፈጻሚዎችና በዳኝነት አካላት ደረጃ የጋራ መድረኮችን አቋቁሟል። የጊችን መሰል ጉዳዮች በእነዚህ መድረኮች ሲታዩ፣ ፓርኩ ከመዝገብ መሰረዙ ብቻ ሳይሆን የተነሺዎቹ ኑሮ መሻሻሉም የውጤቱ መለኪያ ሊሆን እንደሚገባ የጊች ተሞክሮ ያመለክታል።