የቦን ከተማ ታሪክ፤ የወይን አገርና የድኾች ቤት

ከጥፋት ውኃ በኋላ ወይን የተከለ ኖኅ ነው፤ በወይኑም መዠመሪያ ያፈረ እርሱ ነው። ስለዚህ የወይን አገር ሰው በረከቱንም ጕዳቱንም አንድነት ይወርሳል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለመሥዋዕት የሚቀርበው ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው ስለ ሆነ፥ አብዛኛው ምእመን ሐረገ ወይንን ከሥዕልና ከመጽሐፍ እንጂ ከደጁ አያውቀውም። ደጁ ሁሉ ወይን የሆነበት ከተማ ኑሮው እንዴት ነው የሚል ቢኖር፥ በፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ ግዛት ያለችውን ቦንን ይመልከት። የጀርመኗ ቦን ሌላ ናት።

ቦን ከዲዦን ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ 20 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው ኮረብታ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የማለዳ ፀሓይ አስቀድሞ ያገኘዋል፤ አፈሩም የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው። የጥንቱ ቅጥሯ ዛሬም ቆሟል፤ ለጦር የተሠሩት ወፋፍራም ግንቦች ግን ዛሬ የወይን ጠጅ በርሜል ይጠብቃሉ።

በ312 ዓ.ም. ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የኦተን ከተማ ሰዎች ግብር ስለ ቀለለላቸው፥ አንድ ተናጋሪ በንጉሠ ነገሥቱ በቈስጠንጢኖስ ፊት ቆሞ ምስጋና አቀረበ። በምስጋናውም መካከል የዚህን አገር ችግር አልሸሸገም፤ የወይኑ ሥር ከማርጀቱ የተነሣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አዲስ ለመትከል እንኳ የሚቈፈር ስፍራ አልተገኘም አለ። ግብር የሚያስቀንስ ሰው ጥቂት ማጋነኑ አይቀርም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ወይኑ አርጅቷል ከተባለ፥ አተካከሉ ምን ያህል እንደ ቀደመ አንባቢ ይገምት።

በ1098 ዓ.ም. የሲቶ ገዳም ተመሠረተ። መነኮሳቱ ለመሥዋዕትና ለእንግዳ ወይን ያስፈልጋቸው ነበርና በስጦታ ያገኙትን መሬት አለሙ፤ በቩዦም 50 ሔክታር ያህል ዐጸደ ወይን በድንጋይ ቅጥር ዘጉ። ከቅጥሩ ይልቅ የሚደነቀው ትዕግሥታቸው ነው። በመካከላቸው መንገድ ብቻ ያለባቸው ሁለት መደቦች ጣዕማቸው ልዩ ልዩ መሆኑን ከዓመት ወደ ዓመት እያስተዋሉ ለዩ። እነዚህ በየስማቸው የሚጠሩ መደቦች «ክሊማ» ይባላሉ፤ ቍጥራቸው ከ1200 ይበልጣል፤ ዩኔስኮም በ2015 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። መሳፍንቱም በዚህ ነገር ቀናተኞች ነበሩ። ደፋር የተባለው መስፍን ፊሊጶስ በ1395 ዓ.ም. ጋሜ የሚባለው ፍሬው ብዙ ጣዕሙ ክፉ የሆነ ወይን ተነቅሎ እንዲጣል ዐዋጅ አወጣ።

ቦንን ከሌሎች የወይን ከተሞች የሚለያት ግን ሆስፒታሏ ነው። በ1435 ዓ.ም. የአራስ ውል ከተፈረመ በኋላ እንኳ ደመወዝ ያጡ ወታደሮች አገሩን ይዘርፉ ነበር፤ ረኀብና ቸነፈርም ነበረ። በ1443 ዓ.ም. ደግ የተባለው መስፍን ፊሊጶስ አማካሪ ኒኮላ ሮሌን ከሚስቱ ከጊጎን ዴ ሳለን ጋራ ለድኾች ሕሙማን ቤት መሠረተ። ሮሌን በሹመቱ ብዙ ሀብት የሰበሰበ ሰው ነበርና፥ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ብዙዎችን ካደኸየ በኋላ ለድኾች ቤት ቢሠራላቸው የሚገባ ነው ብሎ ተሣለቀበት ይባላል። ስላቁ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል።

የድኾች አዳራሽ ርዝመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው መቅደሱ በአዳራሹ ጫፍ ስለ ተሠራ፥ ሕሙማን ከአልጋቸው ሳይነሡ ቅዳሴ ይሰሙ ነበር። በመሠዊያው ላይ ሮኺር ቫን ደር ቬይደን የሣለው የዕለተ ምጽአት ሥዕል ቆሞ ነበር፤ በአዘቦት ቀን ይዘጋል፥ በእሑድና በበዓል ይከፈታል። ሲከፈትም ሞቱን የሚጠብቀው ድኻ ሚዛን የያዘውን ቅዱስ ሚካኤልን ያያል። ሮሌን በ1462 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ጊጎን ኑሮዋን በዚያው አደረገች፤ በ1470 ዓ.ም. ሞታ በሆስፒታሉ መቅደስ ተቀበረች።

ቤቱ ሳይፈታ የቆየው በወይን ነው። በ1457 ዓ.ም. ጊየሜት ለቨርኒዬ የምትባል ሴት የመዠመሪያውን የወይን እርሻ ሰጠች፤ ከእርሷም በኋላ ብዙዎች እየተናዘዙ ሰጡ። የቤተ ክርስቲያንን ሪም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዛሬ እርሻው 60 ሔክታር ያህል ነው። ከ1859 ዓ.ም. ጀምሮ የዓመቱ ወይን በጨረታ ይሸጣል፤ ጨረታውም አኹን በኖቬምበር ሦስተኛ እሑድ ይውላል፥ ገንዘቡም ለሆስፒታሉ ነው። ሕሙማን በ1971 ዓ.ም. ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውረው ጥንታዊው ቤት ቤተ መዘክር ሆኗል። ደጉ ሳምራዊ ወይኑን በቍስል ላይ አፈሰሰ፤ በቦን ወይኑ ይሸጥና ቍስሉ ይታሰራል።

በ1789 ዓ.ም. አብዮት የተነሣ የገዳማቱ መሬት ተወርሶ ተሸጠ። መነኮሳቱ አንድ አድርገው ያጠሩት የቩዦ ዐጸደ ወይንም ዛሬ 80 ለሚያህሉ ባለቤቶች ተከፋፍሏል። በ1878 ዓ.ም. ደግሞ ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ተባይ በቦን አጠገብ በመርሶ ታየች፤ ሥሩን እየመጠጠች ወይኑን አደረቀች። መድኃኒቱም ከዚያው ከአሜሪካ መጣ፤ ተባይዋን የሚችል የአሜሪካ ወይን ሥር ተፈልጎ የአገሩ ወይን በላዩ ተዳቀለ። ጣዕሙ ይበላሻል ብለው የተቃወሙ ብዙ ነበሩና እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ ማዳቀል ክልክል ነበር።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው ጎረቤቱን ያውቃል። በጥር 14 ቀን (በጃንዋሪ 22) የወይን አልሚዎች ጠባቂ የሚሉትን ሰማዕቱን ዲያቆን ቅዱስ ቪንሰንትን ያከብራሉ። በየመንደሩ በስሙ ማኅበር አለ፤ የቅዱሱ ምስልም እንደ ጽዋ ማኅበር ጽዋ ከአንዱ አባል ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል። አንዱ አባል ቢታመም ማኅበርተኞቹ ወይኑን ይገርዙለታል። በክረምት የተገረዘው ሐረግ ሲቃጠል ጢሱ በኮረብታው ላይ ይታያል፤ በለቀማ ጊዜም የአዲሱ ወይን ሽታ እስከ ጎዳናው ይወጣል። ነገር ግን የመሬቱ ዋጋ እጅግ ስለ ናረ፥ ከአባቱ የወረሰ ልጅ የውርሱን ግብር ለመክፈል የወረሰውን ለመሸጥ የሚገደድበት ጊዜ አለ።

የከተማይቱ ሸንጎ መዝገብና ለለቃሚዎች የተከፈለው ደመወዝ ሒሳብ ተጠብቆ ስለ ቆየ፥ ከ1354 እስከ 2018 ዓ.ም. ድረስ ያለው የለቀማ ቀን ተሰብስቦ በ2019 ዓ.ም. ታትሟል። እስከ 1987 ዓ.ም. ለቀማው በአማካይ በመስከረም 18 ቀን፥ በመስቀል ማግስት፥ ይጀመር ነበር፤ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ግን 13 ቀን ያህል ቀድሟል። ሙቀቱ ሲጨምር እንቡጡም ፈጥኖ ይወጣል፤ የበልግ ውርጭም ያቃጥለዋል። በ2016 እና በ2021 ዓ.ም. በኤፕሪል ሌሊት የቡርጎኝ ገበሬዎች በወይኑ ረድፍ መካከል እሳት አንድደው፥ እስኪነጋ ድረስ ተቀምጠው ሲጠብቁ አደሩ።