የበረራ ወዳጆች ዜና መዋዕል፤ ከዳሞታ ሥር

ይህ ሰማይን የወደዱ ሰዎች ዜና ነው። ደመወዝ ሳይቆረጥላቸውና ሹመት ሳይሰጣቸው፣ በፍቅር ብቻ ተሰባስበው ክንፍ የሠሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ፣ ሥራቸውም ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ለወላይታም ምን እንደሚሆን እንጽፋለን። የምንጽፈው በሶዶ ሆነን፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ነው።

አስቀድመን የምድሩን መንገድ እናንሣ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጦር ድል ከሆኑ በኋላ ወላይታ ከመሀል አገር ጋር የተገናኘችው በበቅሎ መንገድ ነበር። በ1920 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልንጀሮቹ የሚሲዮን ሰዎች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ሶዶ ሲመጡ፣ ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው ሳምንታት ተጓዙ። ክረምት ከገባማ ወንዙ መንገደኛውን በአንዱ ዳር ያስቀምጠው ነበር።

በማግሥቱም ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የምትባለውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ አወረዳት። በኢትዮጵያ ምድር ያረፈች የመጀመሪያዪቱ አውሮፕላን እርሷ ናት። ነሐሴ 30 ቀን ደግሞ ዩንከርስ የምትባለው የጀርመን አውሮፕላን ተከተለች። ንጉሥ ተፈሪ መኮንንም አብራሪው ከአገር ልጅ እንዲወጣ አዘዙ። መስከረም 21 ቀን 1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት አባቱ ሩስያዊ የሆነው፣ የአብራሪነት ማስረጃውን ተቀበለ፤ በጥቅምት 1 ቀን አስፋው አሊ ተከተለው። ተፈሪም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚያው ወር ነበር። ለበዓሉ ከአሜሪካ፣ ከሐርለም የመጣው ጃንጥላ ዘላዩ ሁበርት ጁልያን ከዘውዱ ቀን በፊት የንጉሡን አውሮፕላን ሰበረ፤ ከአገርም እንዲወጣ ሆነ። ሙሉመቤት እምሩም በእነዚያ ዓመታት በረራን ከተማሩት አንዷ ሆነች፤ ጦርነት መጥቶ ሥራዋን አቋረጠባት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ዜና እንለፍ፤ ይህን ክፍል አስረዝመን እንጽፈዋለን፣ ይገባዋልና። በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ፣ ጆን ሮቢንሰን የሚባል የመኪና መካኒክ ነበር። በረራ ሊማር ወደ ከርቲስ ራይት ትምህርት ቤት ቢሄድ፣ ጥቁር ነህ ተብሎ ተከለከለ። እርሱም በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ፤ እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ፣ በሰሌዳው ላይ የቀረውንም ለቅሞ ጻፈ። ማታ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ተሰብስበው፣ ሂዝ ፓራሶል የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ፤ የሞተር ብስክሌት ሞተር አስገቡባት። በኋላም ትምህርት ቤቱ በሩን ከፈተለት። ከባልንጀራው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖ ቻሌንጀር የተባለውን የአብራሪዎች ማኅበር አቆመ፤ የነጮቹ የበረራ ሜዳዎች ስላላስገቧቸው በሮቢንስ መንደር የራሳቸውን ሜዳ ደልድለው አዘጋጁ። ነፋስ መጥቶ ያን ሜዳ ቢያወድምባቸውም ማኅበሩ አልተበተነም።

ይህ ማኅበር ብዙ ንብረት አልነበረውም። ነገር ግን ጣልያን ኢትዮጵያን ሊወርር ሲነሣ፣ በግንቦት 1927 ዓ.ም. ሮቢንሰን ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የአየር ኃይላቸው አዛዥ አደረጉት። የነበሩት አውሮፕላኖች ከአሥር ጥቂት የሚያልፉ፣ አብዛኞቹም ለውጊያ ያልታጠቁ ነበሩ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የጣልያን ቦምብ ጣዮች ዓድዋን ሲመቱ ሮቢንሰን በከተማዪቱ ነበረ። መልእክት ከግንባር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ግንባር እያመላለሰ፣ መሣሪያ በሌላት አውሮፕላን የጠላትን አብራሪዎች እያመለጠ አገለገለ። የትርፍ ጊዜ ማኅበር ለአንድ አገር ምን ያህል ሰው ሊያፈራ እንደሚችል ለማወቅ የሚሻ ይህን ያንብብ።

በዚያው ዘመን ከሶዶ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር ሆነ። ያ በበቅሎ የመጣው ዶክተር ላምቢ በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲቋቋም ጸሐፊው ሆነ። ለቁስለኞችም ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በአምቡላንስ አውሮፕላን መጣ። ይህ ሰው አስቀድሞ በትርኢት በረራ የታወቀ ነበር። ከላይ ግን የሚዘንበው የመርዝ ጋዝ ነበርና፣ ጥቂት የምሕረት ክንፎች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን አምቡላንስ ሰፈር በቦምብ ተመታ።

በዚህ የመከራ ወራት፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የተሠራች አውሮፕላን ተነሣች። ሠሪዋ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነው፤ ሞተሯም 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልቲቱ ስም ፀሐይ ተባለች። ጣልያን ማርኮ ወሰዳት፤ ለብዙ ዘመንም በቪኛ ዲ ቫሌ ቤተ መዘክር ቆመች።

ሶዶ ከጣልያን እጅ የወጣችው በዘመነ ማቴዎስ፣ ግንቦት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቀን ሁለት የጣልያን ጄኔራሎች በከተማዪቱ ተማረኩ። በወረራው ምክንያት ከአገር ወጥቶ የነበረው ሮቢንሰንም በ1936 ዓ.ም. መካኒኮችን ይዞ ተመለሰ፤ የኢትዮጵያን ልጆች በአዲስ አበባ አስተማረ። መጋቢት 5 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ለሕክምና እርዳታ ሲበር አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ተቃጥሎም መጋቢት 18 ቀን አረፈ። በጉለሌ ተቀበረ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ አውሮፕላን የሕዝብ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ አድርጎ ወደ ካይሮ በረረ። ዲሲ-3 የሚባሉት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ጅራታቸውን ዝቅ አድርገው በሣር ሜዳ ላይ ይወርዱ ነበርና፣ በየአውራጃው የአየር ሜዳ ተከፈተ። ሶዶም አንዱን አገኘች። ሰውና ደብዳቤ፣ መድኃኒትም፣ በበቅሎ ሳምንታት የፈጀው መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ አለቀለት። ዛሬም በዓለም የአየር መንገዶች መዝገብ ውስጥ ከተማችን ኤስ፣ ኤክስ፣ ዩ በሚሉ ሦስት ፊደላት ተጽፋ ትገኛለች። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የሶዶ ልጅ ግን ይህን አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም።

የአየሩን ነገር ደግሞ ማንሣት ይገባል፤ በዚህ አገር ሊበር የሚመኝ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ይህ ነውና። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳሞታም ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንስበታል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው ያጣል፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሶዶ ሜዳ 32 ያህል ብቻ ይሰጣል። ፀሐይ ከከረረች ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ የድሮ አብራሪዎች ማልደው መነሣት የሚመርጡት ለዚህ ነበር። ወደ ሁምቦና ወደ ብላቴ ቆላ፣ ወደ ዓባያ ሐይቅም ዳር ቢወርዱ ግን ምድሩ ዝቅ ብሎ አየሩ ይወፍራል፤ ትንሽ አውሮፕላን የሚነሣው በዚያ ነው። የወላይታ ምድር ደጋና ቆላው በአንድ ቀን መንገድ የሚገናኝ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ስዊድናዊው ፎን ሮዘንም ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጣ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ በመንገድ ሳያርፍ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ ወረደ። በቢሾፍቱም የአየር ኃይሉን ተማሪዎች አሠለጠነ። በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ መኪና ለማይደርስበት ሰው የእህል ከረጢት ጣለ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ ተገደለ።

በዘመናችንም አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተነሣ። የበረራ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ መጻሕፍት አንብቦና በዩቲዩብ ተመልክቶ፣ ከፎልስዋገን መኪና በወሰደው 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ በእጁ በጠረበው የእንጨት ፕሮፔለር አውሮፕላን ሠራ። በእናቱ በኪሮስ ስም የመጀመሪያ ፊደልና በፈጀበት ቀን ቁጥር ኬ-570ኤ ብሎ ጠራት። በ2007 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሊያስነሣት ሞከረ፤ አልተነሣችም። እርሱ ግን ፕሮፔለሩን እንደገና ጠርቦ ሥራውን ቀጠለ። በእኛ ሚዛን ይህ ሰው ከሮቢንሰን ቀጥሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም ከሌላ ሥራ የመጣ ሞተር አስገብተው አውሮፕላን ለመሥራት ደፍረዋልና። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ሮቢንሰን በዙሪያው ማኅበር ነበረው፣ አስመላሽ ለብቻው ደከመ። ዕቃ የሚያውስ፣ ስሌቱን የሚያርም፣ ሲሰበርም አይዞህ የሚል ጓደኛ ለበረራ ወዳጅ ከሞተር ያነሰ አይደለም።

በጥር 2016 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ከጣልያን ለኢትዮጵያ ተመለሰች፤ ከ80 ዓመት በላይ በባዕድ ቆይታ። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ነበር።

ስለዚህ ይህን ዜና የምንጽፈው ለምን እንደ ሆነ እንገልጻለን። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ምህንድስናም የሚያስተምር ነው። የእንጨትና የብረት ሥራ የሚያውቁ እጆች በከተማው አሉ፤ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ወጣት በየጋራዡ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከነዚህ ወጣቶች ጋር ሆኖ የበረራ ወዳጆች ማኅበር ያቁም። በትናንሽ የእንጨት ሞዴሎች ይጀምር፤ ከዚያም ሞተር የሌለው ተንሸራታች አውሮፕላን ይሥራ። ሰው የሚጭን ነገር ከማስነሣቱ በፊት ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሰው ሕይወት ነውና። የዞኑ ትምህርት መምሪያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማኅበሩ አንድ አንድ ክፍል ይስጥ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ቆርቆሮና ሸራ ሲሰበስብ ብታዩ አትከልክሉት፤ ከቻላችሁ መዶሻውን አውሱት።