የትኛው ችግር ይቅደም? የዲጂታል አገልግሎት ጉድለቶችን በመረጃ መመዘን

በስልክ ገንዘብ መላክም ኾነ በአጭር ቁጥር ደውሎ የግብርና ምክር መስማት ዛሬ በከተማም በገጠርም የታወቀ ነው። አገልግሎቱ ሲያስቸግር ግን አቅራቢው ሁሉንም ጉድለት በአንድ ጊዜ ማረም አይችልም። የትኛው ይቅደም የሚለውን መወሰን ያለበት የጮኸ አቤቱታ ሳይኾን መረጃ ነው።

ዴንማርካዊው የዘርፉ ባለሙያ ያኮብ ኒልሰን የችግርን ክብደት በሦስት ጥያቄዎች ይመዝናሉ፦ ስንት ተጠቃሚ ይገጥመዋል? የገጠመው ሰው በቀላሉ ያልፈዋል ወይስ ይሰናከላል? አንዴ ከታወቀ በኋላስ ይቀራል ወይስ ይደጋገማል? ለችግሩ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 4 ያገኘው አገልግሎቱ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የግድ መታረም አለበት።

በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ለአብነት እናንሳ። ደዋዩ በድምፅ የሚነገሩትን አማራጮች እየሰማ፣ ቁጥር በመጫን የሚፈልገውን ምክር ያገኛል። በእንዲህ ያለ መስመር ብዙ ደዋዮች አንድ አማራጭ ላይ ሲደርሱ ስልኩን የሚዘጉ ከኾነ፣ ከሰላምታው ርዝመት ይልቅ ያ አማራጭ ቀድሞ መፈተሽ አለበት።

ቁጥር ግን ደዋዩ የት እንዳቋረጠ እንጂ ለምን እንዳቋረጠ አይናገርም። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት አርሶ አደሮች ሲጠቀሙ አጠገባቸው ኾኖ ማየት ያሻል። ጨርሶ ያልደወለው ደግሞ በመዝገቡ የለም፤ እርሱን ቀዬው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ተጠቃሚውም "አይሠራም" ብሎ ከመተው ይልቅ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቸገረ ለይቶ ቢናገር፣ ለመዛኙ ሚዛን ያቀብላል።