ቦታው የጠፋበት ሰሌዳ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ዲጅላና ፉራት (ጤግሮስና ኤፍራጥስ) ወደሚያጠጡት ጥንታዊ የዒራቅ ምድር እንወስዳችኋለን።

የዚያ አገር ሰዎች ከ5000 ዓመታት በፊት ጀምሮ እርጥብ ሸክላ ጠፍጥፈው፣ በሸምበቆ ጫፍ ሽብልቅ የሚመስል ጽሕፈት ይጽፉበት ነበር። ብድሩ፣ የሠራተኛው የገብስ ቀለብ፣ የበጉ ቁጥር ሁሉ በሰሌዳ ላይ ይሰፍራል። ሰሌዳው ከደረቀ በኋላ ከመሬት በታች ሺህ ዓመታትን ይቆያል።

ታዲያ አንድ ሰሌዳ ከየት እንደ ወጣ በምን ይታወቃል? ባለሙያ ቆፍሮ ያወጣው ከሆነ የተገኘበት ክፍልና ጥልቀት ተመዝግቧል። ሌባ ያወጣው ከሆነ ግን ምስክሩ ራሱ ሰሌዳው ብቻ ነው። ደግነቱ ከ4000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ በኡር ነገሥታት ዘመን፣ እንደ ኡማና ጊርሱ ያሉ ከተሞች ለወራት የየራሳቸው ስም ነበራቸው። ስለዚህ የወሩ ስም ከተማውን ይጠቁማል፤ የሹማምንቱ ስምና ማኅተምም ያግዛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዒራቅ በተወረረች ጊዜ የባግዳድ ሙዚየም ተዘረፈ፤ በደቡብም የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ በዘራፊዎች ጉድጓድ ተበሳሳ። ከዚያ ወዲህ ኢሪሳግሪግ ከምትባል ከተማ የወጡ በርካታ ሰሌዳዎች ገበያ ላይ ታዩ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በሺዎች የሚቆጠሩ ቅርሶችን ገዛ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ «የሴራሚክ ንጣፍ ናሙና» የሚል የሐሰት ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ተላኩ። ነገሩ ተደርሶበት እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 3800 የሚጠጉ ቅርሶች ለዒራቅ ተመለሱ። ከመካከላቸውም የኢሪሳግሪግ ሰሌዳዎች ይገኙበታል።

ሆኖም የተመለሰው ሰሌዳው እንጂ ቦታው አይደለም። ሊቃውንት የከተማይቱን ሰዎች ስምና ቀለባቸውን ሳይቀር ያነባሉ፤ ከተማይቱ የነበረችበት ሥፍራ ግን ዛሬም ያከራክራል። የትኛው ሰሌዳ ከየትኛው ጋር በአንድ ቤት ተቀምጦ እንደ ነበር ጉድጓዱን የቆፈረው ሌባ አልጻፈውም፤ ያንን የሚመልስ ፍርድ ቤትም የለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን እንደ ሰማው ይጠይቁ እንደ ነበር እናውቃለን። ቅርስም እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ የመጣበት መንገድ ሊጠየቅ ይገባዋል። ገዥ ባይኖር ዘራፊ ባልቆፈረ ነበርና «ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ ከመግዛት በፊት ይቅደም እንላለን።