የኢሪ ቦይ ያልተመዘገበ ጭነት

አንድ የግንባታ ሥራ ተጠናቆ ሲመረቅ እኛ መሐንዲሶች የምናቀርበው ሪፖርት ርዝመቱን፣ ጥልቀቱን፣ የወጣበትን ገንዘብና የፈጀውን ጊዜ ይዘረዝራል። ሥራው በሰዎች አኗኗርና አስተሳሰብ ላይ ለሚያስከትለው ለውጥ ግን የተመደበ ዓምድ የለም። እኔም እስካሁን ባዘጋጀኋቸው ሪፖርቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ዓምድ ከፍቼ አላውቅም። የዚህን ጉድለት ክብደት በሚገባ ከሚያሳዩት የታሪክ ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የተቆፈረው የኢሪ ቦይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተ ምዕራብ የሰፈረው ገበሬ ትልቁ ችግሩ መንገድ ነበር። እህሉን በጋሪ ወደ ጠረፍ ለማድረስ የሚከፍለው ኪራይ ትርፉን ጠራርጎ ስለሚወስድበት፣ በቆሎውን ወደ ውስኪ ለውጦ መሸጥን ይመርጥ ነበር፤ ውስኪ ሳይበላሽ የሚቆይ፣ በትንሽ ጭነት ብዙ ዋጋ የሚይዝ ሸቀጥ ነውና። የመንገድ እጦት በዚህ አኳኋን የመጠጥ ብዛትን ወለደ። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በ1830 አንድ ለመጠጥ የደረሰ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ ወደ 27 ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል ይጠጣ ነበር።

ይህን የመጓጓዣ ችግር ለማቃለል የሃድሰንን ወንዝ ከኢሪ ሐይቅ ጋር የሚያገናኝ ቦይ እንዲቆፈር ሐሳብ ሲቀርብ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ አልሰጠም፤ ፕሬዚዳንት ማዲሰን ለመሰል ሥራዎች ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ በመጋቢት 1817 ሳያጸድቁት ቀሩ። ስለዚህ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በአገረ ገዢው በዴዊት ክሊንተን መሪነት ሥራውን በራሱ ብድር ጀመረ። ቁፋሮው ሐምሌ 4 ቀን 1817 ተጀምሮ በጥቅምት 1825 ተፈጸመ። ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር፣ የላይኛው ስፋቱ 12 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ነበር። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ወደ 170 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት ጀልባዎቹ የሚወጡትና የሚወርዱት ውኃ እየተሞላና እየተለቀቀ በሚሠራባቸው 83 ባለ በር ክፍሎች አማካይነት ነበር። ወጪው ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ለሙያችን የሚያስገርመው ሥራውን የመሩት ሰዎች ማንነት ነው። በጊዜው በአገሪቱ የምሕንድስና ትምህርት የሚሰጠው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ ትምህርት ቤት ብቻ በመሆኑ፣ ዋናዎቹ መሪዎች ቤንጃሚን ራይትና ጄምስ ጌዲስ ቅየሳ የሚያውቁ የአገር ቤት ዳኞች ነበሩ። ወጣቱ ካንቫስ ኋይት ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዞ ቦዮችን እየዞረ ካጠና በኋላ፣ በውኃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሚንቶ የሚወጣበትን ድንጋይ እዚያው ከቦዩ መስመር አጠገብ እንዲገኝ አደረገ። ከቡፋሎ እስከ ኒው ዮርክ ከተማ ለአንድ ቶን ጭነት ይከፈል የነበረው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ሒሳብ ወደ 10 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ።

ይህ በሪፖርት የሚጻፈው ክፍል ነው። በአካፋና በዶማ የቆፈሩት ሠራተኞች በ1819 በሞንቴዙማ ረግረግ ወደ ሺህ የሚደርሱት በትኩሳት እንደ ታመሙ፣ ከቀን ምንዳቸው ጋር ውስኪ ይታደላቸው እንደ ነበር፣ ቦዩ ያለፈበትም መሬት የኢሮኳ ሕዝቦች ርስት ሆኖ ቀደም ብሎ በተደረጉ ውሎች ከእጃቸው እንደ ወጣ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ቦዩ በመንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች ባልታሰበ ፍጥነት አሳደገ። በጄኔሲ ወንዝ ፏፏቴ ላይ የተቆረቆረችው የዱቄት ወፍጮዎች ከተማ ሮቸስተር በ1820 ወደ 1,500፣ በ1830 ግን ከ9,000 በላይ ነዋሪዎች ነበሯት። ከዚህ ቀደም የእጅ ሙያተኛው ጌታ ከሠራተኞቹ ጋር በአንድ ቤት ያድር፣ በአንድ ማዕድ ይበላ፣ ሥራው መሐል ላይ በአንድ ማሰሮ ይጠጣ ነበር። ገበያው ሲሰፋ አሠሪው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፤ ሠራተኛውም በየኪራይ ቤቱ ተለይቶ ቀረ። ያን ጊዜ ትናንት የአንድነት ምልክት የነበረው መጠጥ በአሠሪው ዓይን የሥርዓተ አልበኝነት ምልክት ሆኖ ታየ።

የጥብቅና ሙያውን ትቶ ሰባኪ የሆነው ቻርልስ ፊኒ ከመስከረም 1830 እስከ መጋቢት 1831 በሮቸስተር የሰበከው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። የሰው ዕጣ አስቀድሞ የተቆረጠ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ከክፋት ለመራቅ በገዛ ፈቃዱ መወሰን እንደሚችል አስተማረ። ከዚህም ትምህርት፣ ግለሰብ ራሱን ማረም ከቻለ ኅብረተሰብም ሊታረም ይችላል የሚል መደምደሚያ ተከተለ። ጥቂት ነጋዴዎች የውስኪ በርሜሎቻቸውን ሰብረው በአደባባይ አፈሰሱ። በ1826 በቦስተን የተቋቋመው የአሜሪካ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ማኅበር ቅርንጫፎቹን በየከተማው ዘረጋ። በ1840ዎቹ አጋማሽ የአልኮሉ ፍጆታ ወደ 7 ሊትር ገደማ እንደ ወረደ ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ተሐድሶ የሕሊና ሥራ ነበር ወይስ በሰዓቱ የሚገባና እጁ የማይንቀጠቀጥ ሠራተኛ የፈለጉ አሠሪዎች መሣሪያ? ማስረጃው ሁለቱንም ያሳያል። ለመጠጥ ተቃዋሚነት በግንባር ቀደም ከተሰለፉት መካከል የወፍጮና የሱቅ ባለቤቶች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን በሰካራም ባል የተደበደበች፣ ምንዳው በመጠጥ ቤት ያለቀባትና በሕግ ፊት የራሷ ንብረት ያልነበራት ሚስት ለማኅበሩ ስትፈርም የአሠሪውን ትርፍ አስባ አልነበረም።

ነገሩን ከአሠሪዎቹ እጅ ያወጡትም ሴቶች ናቸው። በስብከት ጉባኤዎች በወንዶች ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ፤ በየማኅበሩ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ መዋጮ መሰብሰብንና አቤቱታ ማስፈረምን ተማሩ። በ1833 የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ሲመሠረት ይህን የተማሩትን ዘዴ ለዚያ ዓላማ አዋሉት። አቤቱታው ከመብዛቱ የተነሣ የተወካዮች ምክር ቤት ከ1836 እስከ 1844 የፀረ ባርነት አቤቱታዎችን ሳይመለከት ወደ ጎን እስከ መተው ደረሰ። በ1840 በለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የፀረ ባርነት ጉባኤ ሴቶች መልእክተኞች ወንበር ሲከለከሉ፣ ሉክሬሺያ ሞትና ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን የሴቶችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ጉባኤ እንደሚያስፈልገው ተረዱ።

ያ ጉባኤ ሐምሌ 19 እና 20 ቀን 1848 በሴኔካ ፎልስ ተደረገ፤ ከተማይቱ በቅርንጫፍ ቦይ ከኢሪ ቦይ ጋር የተገናኘች ናት። ወደ 300 ሰዎች ተገኙ፤ ሰነዱን 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙ። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚለው ውሳኔ ሰሚውን ሲያስደነግጥ፣ ከባርነት አምልጦ በሮቸስተር ጋዜጣ ያቋቋመው ፍሬድሪክ ዳግላስ ተነሥቶ ደገፈው፤ ውሳኔውም አለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሮቸስተር በተደረገው ተከታይ ጉባኤ ሰብሳቢዋ ራሷ ሴት ነበረች።

ሆኖም ድሉን ከልክ በላይ ማጋነን አይገባም። በ1821 የወጣው የኒው ዮርክ ሕገ መንግሥት ነጮች ወንዶች ለመምረጥ ይጠየቁ የነበረውን የንብረት ግዴታ ሲያቃልል፣ ጥቁሮች 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት እንዲኖራቸው አስገድዷል። የሴኔካ ሕዝብ በ1838 በተደረገው የቡፋሎ ክሪክ ውል ከቀሪ መሬቱ እንዲለቅ ተፈርዶበታል። የሴቶች የመምረጥ መብት በአገር አቀፍ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1920 ሲሆን፣ በሴኔካ ፎልስ ከፈረሙት ሴቶች ያን ዓመት በሕይወት የደረሰችው አንዲት ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ቦይ ብዙም ሳይቆይ ጠበበ፤ ከ1836 ጀምሮ እንዲሰፋ ተደረገ፣ በ1918ም በአዲስ ቦይ ተተካ። ዛሬ በውኃው ላይ በብዛት የሚታዩት የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው። ዱቄቱ ተበልቷል፣ ውስኪውም ተጠጥቷል። በየማኅበሩ የተለመደው ስብሰባ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና አቤቱታ ማስፈረም ግን አልቀረም። ራይትና ጌዲስ መሬቱን ሲቀይሱ ስለ ባርነትም ሆነ ስለ ሴቶች ድምፅ አልቀየሱም፤ በዚህም አንወቅሳቸውም። እኛ ግን የእነርሱን ፍጻሜ አይተናልና፣ በሚቀጥለው የጥናት ሰነዳችን ላይ ቢያንስ ሁለት ጥያቄ የሚሰፍርበት አንድ ገጽ ብንጨምር ከሙያችን የሚቀነስ ክብር የለም፤ ይህ ሥራ ማንን ያፈናቅላል? ማንንስ ከማን ጋር ያገናኛል?